ንግግሩን የተከተለ ፉጨት

የምጽፈው ስለ አንድ ፉጨት ነው። ያፏጨው ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው ታሰረበት። ጉዳዩ ከሦስት ቀን አላለፈም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን ከእነዚያ ሦስት ቀናት ጋር ስከራከር ኖሬአለሁ። የማስታውሰውን አስታውሳለሁ ብዬ ከማስበው ለመለየት የተቻለኝን አደርጋለሁ፤ ሁልጊዜ እንደሚሳካልኝ ግን ቃል አልገባም። በተለይ አንዲት አንቀጽን በተመለከተ ትዝታዬን አላምነውም። የቷ እንደሆነች በስፍራው እናገራለሁ።

በደርግ ዘመን፣ የሰባዎቹ ዓመታት ከተጋመሱ በኋላ፣ ጅማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። የተወለድኩት ጎጃም ነው፤ ከፍተኛ ትምህርቴን የጨረስኩት በውጭ አገር ነው። ባለቤቴና ሁለት ሴት ልጆቼ አብረውኝ ነበሩ። ጥንቁቅ ሰው ነበርኩ። በስብሰባ ላይ ከፊትም ከኋላም አልቀመጥም። ጭብጨባ ሲጀመር ቀዳሚ አልሆንም፤ ሲያበቃም እጁን የመጨረሻ የሚያወርደው ሰው እኔ እንዳልሆን እጠነቀቃለሁ። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ኋላ ለሆነው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ሸምሱ ቦሳ ኪቶ በሚባለው የጅማ ሰፈር ሬዲዮ ይጠግን ነበር። አባቱ ከስልጤ መጥተው ጅማ ገበያ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እሱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጣቶቹ ግን እኔ በቀመር የማውቀውን በመንካት ያውቁ ነበር። የተዋወቅነው ሬዲዮዬን ሊጠግንልኝ ወስጄለት ነው። ሲመልስልኝ፣ «ጋሼ፣ ሬዲዮዎ ደህና ነው፤ የታመመው የሚሰሙት ጣቢያ ነው» አለኝ። ሳቅሁ፤ ወዲያውም ማን እንደሰማ ለማየት ዞርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ በሱቁ በኩል ሳላልፍ የምቀርበት ጊዜ ጥቂት ነበር።

የዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤቶች መብራት ወዳልገባባቸው የቡና ከተሞች ለስብሰባ ሲሄዱ የድምፅ ማጉያውን የሚያሠሩት በመኪና ባትሪ ነበር። ማጉያው ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ተናጋሪው ከመሐል ሲደርስ ድምፁ ይከስማል። ለዚህ መፍትሔ እንዲፈልግ የታዘዘው ሸምሱ ነበር። እኔ ዘንድ አንድ የቆየ የውጭ አገር መጽሔት ነበር። በውስጡ አዲስ ዓይነት ማጉያ የሚያብራራ ጽሑፍ አለ። የተለመደው ማጉያ ቧንቧን በከፊል ከፍቶ እንደ መተው ነው፤ ኃይሉ በሙቀት መልክ ይባክናል። ይህኛው ግን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ ሙሉ በሙሉ እየከፈተና እየዘጋ ይሠራል፤ አይሞቅም፣ ባትሪም አይጨርስም። ከፊቱ ደግሞ የባትሪውን ኃይል ከፍ የሚያደርግ ሌላ መሣሪያ ይቆማል፤ እሱም የሚሠራው እንዲሁ በመክፈትና በመዝጋት ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ምት ይመታሉ። ጽሑፉ ይህን የምት ምንጭ «ሰዓት» ይለው ነበር።

ሸምሱ እንግሊዝኛ ስለማያነብ በአማርኛ ተረጎምኩለት፤ ሰማያዊ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ፣ በእጄ ጽሕፈት። ያች አንቀጽ እዚህ ላይ ናት። በጽሑፉ መጨረሻ ገደማ ሁለቱ ሰዓቶች በአንድ ሽቦ ተያይዘው በአንድ ምት እንዲመቱ መደረግ አለባቸው የሚል አጭር ማሳሰቢያ ነበረ። እሷን ተርጉሜአታለሁ ወይስ ዘልያታለሁ? ያን ቀን አመሻሹ ላይ ልጄ ታማ ወደ ቤት መቸኮሌን አስታውሳለሁ። «የቀረው ይህን ያህል አያስፈልግህም» ያልኩት ይመስለኛል። ለሌላ ሰው፣ በሌላ ቀን፣ ስለ ሌላ ጉዳይ ያልኩትም ሊሆን ይችላል።

ሸምሱ መሣሪያውን ሠራው። በሱቁ ውስጥ ሲሞከር ያለ እንከን ሠራ፤ አነስተኛ ድምፅ ብቻ ነበርና።

የቡና ለቀማ ደርሶ የኮሌጁ መምህራንና ተማሪዎች ለዘመቻ የቡ ወደምትባል የቡና ከተማ ተወሰድን። ከጅማ ብዙ አትርቅም። አደባባዩ በገበሬዎች፣ ቅርጫት ባዘሉ ለቃሚ ሴቶችና በእኛ ሞልቶ ነበር። ንግግር የሚያደርገው ከላይ የመጣ ባለሥልጣን ነው። ጡሩምባ የሚመስሉት ሁለት ድምፅ ማጉያዎች በአንድ ላንድሮቨር መኪና ጣራ ላይ ታስረዋል። ሸምሱ ከመኪናው ጎን ቆሟል፤ ለበዓል የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

«ጓዶች!» አለ ባለሥልጣኑ። ማጉያው «ጓዶች» ብሎ ደገመና በስተመጨረሻው ቀጭን ፉጨት አከለበት።

መጀመሪያ ሁላችንም ሰው ያፏጨ መሰለን። ጥበቃዎቹ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። ባለሥልጣኑ ቀጠለ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ይወጣል፤ ዝግ ሲል ፉጨቱም ይወርዳል፣ ይወፍራል። ለትንፋሽ ሲያቆም እንደ ንብ እያንዣበበ ይጠብቀዋል። «ጠላቶቻችንን እንደመስሳለን!» ብሎ ሲጮህ ፉጨቱ እስከ ሰማይ ወጣ።

ከኋላዬ የነበረ ተማሪ፣ «ከሁላችንም በላይ ንግግሩ የገባው ፉጨቱ ነው» ብሎ አንሾካሾከ።

«ዝም በል፣ አንተ! ታስበላናለህ» አለው ሌላው፤ እሱም ግን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ከለቃሚዎቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ አጠገቧ ያለችው ግን አልቻለችም፣ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ በኋላ ሳቁ በአደባባዩ ላይ ተዛመተ። ሸምሱ ደንግጦ የመሣሪያውን ቁልፎች መነካካት ጀመረ፤ በነካካው ቁጥር ፉጨቱ ዜማውን ይለውጣል። የሚያየው ሰው የሚያስፏጨው እሱ ነው ቢል አይፈረድበትም። ባለሥልጣኑ ማይክራፎኑን አስቀምጦ ወደ መኪናው ሄደ። ሳቁ በአንዴ ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት ሸምሱን ከቤቱ ወሰዱት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ ተጠራሁ።

ነገሩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ መኩሪያ ይባል ነበር። ጨካኝ ሰው ነበር ብል ታሪኩ ይቀልልኝ ነበር፤ አልነበረም። ቀድሞ የሂሳብ አስተማሪ የነበረ፣ ሲጠይቅ ቃላት የሚመርጥ፣ መልስ ሲሰማ በትዕግሥት የሚያዳምጥ ሰው ነበር።

«ጓድ መምህር» አለኝ፣ «እዚህ ከተማ ውስጥ ይህን መሣሪያ ሊመረምር የሚችል እርስዎ ብቻ ነዎት ብለውኛል። ጥያቄዬ አንድ ነው። ይህ ብልሽት ነው ወይስ ሻጥር? ብልሽት ከሆነ ሰውየው ነገ ወደ ቤቱ ይገባል። ሻጥር ከሆነ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ይወጣል።»

«ከእጅዎ ከወጣ…?»

«ከወጣ አላውቀውም» አለ። ያን ሲል ዓይኔን አላየኝም።

በዚያው ዕለት ሸምሱንና መሣሪያውን በጥበቃ ወደ ሱቁ አመጡልን። የሸምሱ ባለቤት ዘይነባ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ እንድትገባ አልፈቀዱላትም። ጥበቃው ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የሸምሱ ነጭ ሸሚዝ ያው ነበር፤ አንገትጌው ግን ተቀድዷል። እኔ በመጀመሪያ ያየሁት፣ ያሳፍረኛል፣ እሱን አይደለም። መደርደሪያውን ነው። ሰማያዊው ደብተር በቦታው ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ከቆየሁበት ጊዜ እኩሌታውን የፈራሁት ያን ደብተር ነው።

«ጋሼ፣ ወላሂ አላወቅሁም» አለኝ ሸምሱ። «እኔ ራሴ መጀመሪያ ሰው ነው ብዬ ነበር።»

«በኦሮምኛ እንዳታወሩ» አለ ጥበቃው።

«አማርኛ ነው እኮ የማወራው፣ ጌታዬ።»

«እንዳትጀምሩ ነው ያልኩት።»

መሣሪያውን ከፈትነው። ሁለቱን ለየብቻ ስናሠራቸው ምንም አይሰማም፤ የእያንዳንዱ ምት ለሰው ጆሮ በጣም የፈጠነ ነው። አብረው ሲሠሩና ማይክራፎኑ ላይ ጮክ ብለን ስንናገር ፉጨቱ መጣ። ያኔ ገባኝ። ጅማ ውስጥ የኖረ ሰው ሁለት የቡና መፈልፈያ ሞተሮች ጎን ለጎን ሲሠሩ ሰምቶ ያውቃል። ፍጥነታቸው ተቀራርቦ እኩል ካልሆነ፣ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ድምፅ እየመጣ እየሄደ ይሰማል፤ የልዩነታቸው ድምፅ ነው። በሸምሱ መሣሪያም የሆነው ይኸው ነበር። ሁለቱ ሰዓቶች የየራሳቸውን ምት ይመታሉ፤ ፉጨቱ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው። ተናጋሪው ሲጮህ ባትሪው ይደክማል፣ የፊተኛው ሰዓት ምቱን ይቀይራል፣ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ፉጨቱም ይወጣል። ፉጨቱ ንግግሩን ይከተል የነበረው፣ ሱቁ ውስጥ በአነስተኛ ድምፅ ሲሞከር ያልተሰማውም ለዚህ ነው።

ይህን ስነግረው ሸምሱ፣ «እንግዲያው አንዱ ሌላውን ቢሰማስ?» አለ። «አንዱ ይምታ፣ ሌላው ይከተል።»

ልብ በሉ፤ ይህን ያለው እሱ ነው ብዬ አስታውሳለሁ። ካለ ደግሞ አንቀጿን አላነበበም ማለት ነው። አንብቦ ረስቷት፣ አሁን ትዝ ብላው ሊሆንም ይችላል።

የመበየጃውን ብረት በከሰል አግሎ ከአንደኛው ሰዓት ወደ ሁለተኛው አንዲት ቀይ ሽቦ ዘረጋ። ማይክራፎኑን ይዤ፣ «ጓዶች!» ብዬ ጮህኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። ፉጨቱ ጠፍቷል።

«አልሃምዱሊላህ!» አለ ሸምሱ፤ በሁለት እጆቹ ፊቱን ዳበሰ። ከደጅ ዘይነባ ስታለቅስ ተሰማኝ። ጥበቃው ሳይቀር ፈገግ አለ፤ «እስቲ ድገሙት» አለን። ደገምነው። በሕይወቴ ከተደሰትኩባቸው ሰዓቶች አንዱ ነበር። ሸምሱ ነገ ቤቱ እንደሚገባ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ መሣሪያው፣ ባትሪው፣ ከሱቁ የተወሰዱ ወረቀቶች፣ ከእነዚህም መካከል ሰማያዊው ደብተር ነበሩ።

ጓድ መኩሪያ ደብተሩን አነሳው፤ ገለጠው። ጥቂት ቅጠል ካገላበጠ በኋላ፣ «የደንበኞች ስም ነው» ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ሌላ ደብተር መሆን አለበት ብዬ ተነፈስኩ።

«ይህን ሥራ ከየት ተማርከው?» ሲል ሸምሱን ጠየቀው።

«በመሞከር፣ ጌታዬ።»

«ጓድ በል። ማንም አላሳየህም?»

«ማን ያሳየኛል? ያገኘሁትን ሁሉ እፈታለሁ፤ ስፈታ አየሁት።» ወደ እኔ አልዞረም፤ በአጋጣሚ እንኳ።

ተራው የእኔ ሆነ። ስለ ሁለቱ የቡና መፈልፈያዎች ተናገርኩ፤ በሰሌዳ ላይ ሣልኩ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ሰዓት ያሰረበትን እጁን እያየ፣ «የትኛው ሰዓት?» አለ፤ ጓድ መኩሪያ በእጁ ዝም አሰኘው። እሱ ገብቶታል። ማይክራፎኑን ለጸሐፊው ሰጥቼ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረግሁ። ንጹሕ ድምፅ ወጣ።

«ይህ እንግዲህ ከሽቦው በኋላ ነው» አለ ጓድ መኩሪያ።

«አዎን።»

«ሽቦው ባይኖርስ?»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ በቃል ብቻ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንድ ነገር መንስኤ መሆኑን ለተማሪ የምናሳየው ስናነሳው ውጤቱ ሲመጣ፣ ስንመልሰው ሲጠፋ ነው። ጸሐፊው እያነበበ ሳለ ሽቦውን አላቀቅሁት፤ አዳራሹ በፉጨት ተሞላ። መለስኩት፤ ጠፋ። ለማረጋገጥ እንደገና አላቀቅሁ፣ መለስኩ። ሦስተኛ ጊዜም አደረግሁት። በክፍል ውስጥ ቢሆን ተማሪዎቼ ይደነቁልኝ ነበር። ቀና ስል ሸምሱን አየሁት። ከእኔ ቀድሞ ገብቶት ነበር፤ «ተው» እንደሚል ራሱን በጣም በዝግታ፣ ማንም በማያየው ሁኔታ ይነቀንቅ ነበር።

«ስለዚህ» አለ ጓድ መኩሪያ፣ «በአንዲት ሽቦ፣ በፈለጉት ጊዜ ይፏጫል፤ በፈለጉት ጊዜ ዝም ይላል።»

«ይላል፤ ነገር ግን…»

«ይጻፍ» አለ ለጸሐፊው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የቡ ላይ ሽቦው ነበረበት?»

«አልነበረበትም።»

«ማን አነሳው?»

«ማንም አላነሳውም። ከመጀመሪያውም አልነበረም። ሰውየው እንደሚያስፈልግ አላወቀም።»

«በምን ያውቃሉ?»

ጥያቄው በክፋት የቀረበ አልነበረም። ሊያምነኝ የፈለገ እንኳ ይመስለኛል፤ ብዕሩን አስቀምጦ ጠበቀኝ። መልሱ ቀላል ነው። «አሠራሩን የተረጎምኩለት እኔ ነኝ፤ ያን ክፍል አልተረጎምኩለትም» ማለት ነበር። ነገር ግን ይህን ለማለት ሁለት ነገር ያስፈልገኝ ነበር። አንደኛው ድፍረት ነው። ሁለተኛው እርግጠኛነት፤ ተርጉሜለት ከሆነስ? ይህን ሁለተኛውን ያኔ አስቤዋለሁ ወይስ ኋላ ለራሴ ማጽናኛ የፈጠርኩት ነው? እሱንም አላውቅም። ልጆቼን አሰብኩ። እሱን በእርግጠኝነት አስታውሳለሁ።

«ሰውየው መሣሪያውን ሲሠራው አይተዋል?» አለኝ፣ ሊረዳኝ።

«አላየሁም» አልኩ። እውነት ነበር። ሲሠራው አላየሁም።

ጓድ መኩሪያ ብዕሩን አነሳ።

ሸምሱን ሲያስወጡት በአጠገቤ አለፈ። «ጋሼ፣ ስለ ድካምዎ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እሱ እስላም ነው፤ እኔን በእኔ ቋንቋ ማመስገኑ ነበር። እየቀለደብኝ እንዳልሆነ እምላለሁ። ቢቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በላይ ታሰረ። እንዳይሞት እንኳ ልለምንለት የምችልበት በር አላገኘሁም፤ ደፍሬ የጠየቅሁት አንድ ቢሮ ጉዳዩ «አልቋል» አለኝ። ሲፈታ የሬዲዮ ሥራውን አልቀጠለም። በዚያው ሱቅ ክርና ቁልፍ መሸጥ ጀመረ። ሳልፍ፣ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ልጆቹስ?» ይለኛል። «ደህና ናቸው» እለዋለሁ። ለምን ዝም እንዳልኩ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ እያንዳንዱን ቀን አሳለፍኩ። ሌላም አናወራም ነበር። ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ አልነበረም።

እኔም ከዚያ በኋላ በክፍል ውስጥ ምንም ነገር ሠርቼ አሳይቼ አላውቅም። በሰሌዳ ላይ እሥላለሁ፤ በቃል አስረዳለሁ። ተማሪዎቼ ቤተ ሙከራ የማይወድ መምህር ይሉኝ ነበር። ሰው ጥያቄ ሲጠይቀኝ ደግሞ፣ መልሱን ከማሰቤ በፊት ምን ሊያደርግበት ነው ብዬ አስባለሁ። ይህ ጥበብ ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔ የማውቀው ስሙ ሌላ ነው።

ሸምሱ የሞተው መንግሥት ሳይለወጥ ነው፤ በሕመም። ለቅሶ ስደርስ ዘይነባ ወደ ጓዳ ገብታ ሰማያዊውን ደብተር ይዛልኝ መጣች። ከኮሚቴው ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተመልሶላት ኖሯል።

«የእርስዎ ነው መሰለኝ፣ መምህር» አለችኝ።

ገለጥኩት። እኔ ሳልጽፍባቸው በዘለልኳቸው የመጀመሪያ ቅጠሎች ላይ የደንበኞች ስም ነበር። ከመካከል ግን ብዙ ቅጠሎች ከሥራቸው በምላጭ ተቆርጠዋል፤ በጣም በጥንቃቄ፣ እንደ እሱ ሥራ ሁሉ።

«መቼ ነው ይህ?»

«ከየቡ እንደመጣ። ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ቆርጦ ቆርጦ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ምን እያደረግህ ነው ስለው፣ ‹የመምህሩ ጽሕፈት ነው፤ ልጆች አሉት› አለኝ።»

«አንብበሽው ታውቂያለሽ? ከማቃጠሉ በፊት… መጨረሻውን?»

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ መምህር» አለች።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የምትፈርዱብኝ ከሆነ ከምታውቁት ፍረዱ፤ እኔ ከዚያ በላይ አላውቅም። አንቀጿ ደብተሩ ላይ ካልነበረች፣ ሸምሱን ነፃ ሊያወጣው የሚችለውን ብቸኛ ማስረጃ ለእኔ ሲል አቃጥሎታል። ከነበረች ደግሞ ስህተቱ የእሱ ነበር፤ እኔም በዝምታዬ ብቻ እጠየቃለሁ። አንዳንድ ጠዋት ነበረች እላለሁ። ደብተሩ አሁንም ዘንዴ ነው። ከተቆረጡት ቅጠሎች በአንዱ ጠርዝ ላይ፣ ምላጩ ያልደረሰበት የአንድ ፊደል ግማሽ ቀርቷል። የእጄ ጽሕፈት መሆኑን አውቃለሁ። ምን ፊደል እንደሆነ ግን ይኸው እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።